ከአቃቂ እስከ አሳይታ፤ የአዋሽን ውሃ ተከትሎ በረመዷን መጓዝ

በረመዷን ወር ከቤቱ ርቆ መክረም የሚወድ ሰው ጥቂት ነው። ቤተሰብ በአንድ ማዕድ ዙሪያ የሚሰበሰብበት፣ መስጂዶች በተራዊሕ ሶላት የሚሞሉበት ወር በመሆኑ ሰው ከሰፈሩ ባይለይ ይመርጣል። ኑሮ ግን ወር አይመርጥም። ነጋዴው ዕቃውን ማድረስ አለበት፤ ሹፌሩ መሪውን ይይዛል፤ የታመመ ዘመድ ያለው ሊጠይቅ ይሄዳል፤ ሰርግና ለቅሶም በቀጠሮ አይመጣም። ስለዚህ በፆሙ ወር መናኸሪያዎች አይዘጉም፤ መንገደኛም አይጠፋም።

እኛ በቱሉ ዲምቱና በአቃቂ አካባቢ የምንኖር ሰዎች ደግሞ ከመንገድ ጋር ልዩ ቅርበት አለን። ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የተመረቀው የአገራችን የመጀመሪያው የክፍያ ፈጣን መንገድ ከዚሁ ተነስቶ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዳማ ይገባል። ሰሑር ስንበላ ከመስኮታችን ውጭ የምንሰማው ወደ ጂቡቲ የሚወርዱትን ከባድ መኪኖች ድምፅ ነው።

ከመንደራችን ሥር ግን ሌላ መንገድም አለ፤ የውሃ መንገድ። ትልቁና ትንሹ አቃቂ አዲስ አበባን አቋርጠው ይወርዳሉ፤ አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኛሉ፤ ከዚያም አዋሽን ይቀላቀላሉ። አዋሽ ይህንን ይዞ እስከ አፋር ምድር መጨረሻ ይሄዳል። ባለፉት ዓመታት አንዳንዴ ለዘመድ ጥየቃ፣ አንዳንዴ ለኒካሕ፣ አንዳንዴም ለዳዕዋ ይህን ወንዝ ከከተማ ከተማ ተከትለነዋል። አስጎብኚ ድርጅት አልያዘንም፤ የራሳችን መኪናም የለንም። በሚኒባስ፣ በሀይገርና በባጃጅ ነው የሄድነው። በዚህ ጽሑፍ መንገዱን ለማያውቁት ልናስተዋውቅ፣ ለሚያውቁትም አንድ ነገር ልናስታውስ ወደድን።

ባሕር የማይደርሰው ወንዝ

አዋሽ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው። የሚነሳው ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በጊንጪ አካባቢ ካለው ደጋ ነው። በመልካ ቁንጡሬ በኩል ያልፋል። ይህ ሥፍራ የጥንት ሰዎች የድንጋይ መሣሪያ የተገኘበት ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ወንዙ ከዚያ ወደ ቆቃ ሐይቅ ይገባል፤ ወንጂን፣ መልካሳን፣ መተሐራን፣ አዋሽ ሰባት ኪሎን፣ አሚባራን፣ ገዋኔን፣ ዱብቲንና አሳይታን እያለፈ ይወርዳል። በመጨረሻም በጂቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያበቃል።

አባይ ወደ ሜዲትራኒያን ይፈስሳል፤ ዋቢ ሸበሌ ወደ ሶማሊያ ይዘልቃል። አዋሽ ግን ባሕር አይደርስም። የወሰደውን ለሌላ አያስረክብም። አፈርም ቢሆን፣ ቆሻሻም ቢሆን፣ በረከትም ቢሆን እዚሁ በእኛው መሬት ያስቀረዋል። አንባቢያችን ይህንን አንድ ነጥብ እስከ ጽሑፋችን መጨረሻ በልቡ ይያዝልን።

የወንዙ መጨረሻ የት እንደሆነ የአገሩ ሰው ሁልጊዜም ያውቅ ነበር። የውጭው ዓለም ግን በትክክል የተረዳው በቅርቡ ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1875 በግብፅ ኸዲቭ አገልግሎት ሥር የነበረው ሙንዚንገር ጦር ይዞ አውሳ ገብቶ እዚያው ተገደለ። ከ60 ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1933 መጨረሻ፣ አዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊ ወጣት ዊልፍሬድ ቴሲጀር ከአዋሽ ባቡር ጣቢያ ተነስቶ ወንዙን በእግርና በግመል ተከተለ። በወቅቱ የአውሳ ሱልጣን የነበሩት መሐመድ ያዮ ፈቅደውለት አገራቸውን አቋርጦ አቤ ሐይቅ ደረሰ፤ ከዚያም በ1934 ታጁራ ወጣ። እሱ ታጣቂ አስከትሎ ለወራት የደከመበትን መንገድ ዛሬ አንድ ሰው በአውቶብስ ትኬት በሁለት ቀን ይጨርሰዋል።

አዳማና ወንጂ

ከቱሉ ዲምቱ አዳማ ቅርብ ነው። ጠዋት የወጣ ከዙሁር በፊት ጉዳዩን ይጀምራል። አዳማ ከተማዋ በወንዙ ዳር አልተቆረቆረችም፤ አዋሽ በስተደቡብ በወንጂ በኩል ነው የሚያልፈው። ነገር ግን የአዳማ ነዋሪ የሚጠጣው ውሃ ከአዋሽ ተቀድቶ የተጣራ ነው። አዳማ ውስጥ ለውዱእ ቧንቧ ስንከፍት ውሃው በእኛው አቃቂ በኩል ካለፈው ጋር ተቀላቅሎ የመጣ መሆኑን ማሰብ ያስፈልጋል።

ከወንጂ በላይ ያለው የቆቃ ግድብ ከጣልያን በተገኘ የጦርነት ካሣ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1960 ኤሌክትሪክ ማመንጨት የጀመረ ነው። ወንጂ ደግሞ የስኳር አገር ነው። የሆላንዱ ኩባንያ ኤች.ቪ.ኤ. ፋብሪካውን ያስጀመረው እ.ኤ.አ. በ1954 ነበር። ከባጃጅ ወርዶ በሸንኮራ አገዳው መካከል በእግሩ የሄደ ሰው ብዙ ይታዘባል። ከተለያየ የአገራችን ክፍል ለአገዳ ቆረጣ የመጡ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች በየካምፑ ይኖራሉ። በዕድሜ ገፋ ካሉት መካከል ጥርሳቸው የቡኒ መልክ የያዘ፣ ወገባቸውን ማጠፍ የሚቸግራቸው ይገኛሉ። ይህ በጉድጓድ ውሃ ውስጥ ከነበረው ከፍተኛ ፍሎራይድ የመጣ ሕመም ነው። ሩኩዕ ማድረግ ተስኗቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚሰግዱ አባቶችን አይተናል። የምንጠጣው ውሃ አጥንት ውስጥ ገብቶ እስከ ሶላታችን እንደሚደርስ እዚያ ተረድተናል።

ለመንገደኛ በዚህ አቅራቢያ የሚመከረው ሶደሬ ነው። ፍልውሃው ከአዋሽ ዳር ይፈልቃል፤ ዛፉ ጥላ አለው። ጧሚ ቀኑን ሙሉ በፀሐይ ከመንገላታት እዚያ አረፍ ብሎ ቁርአኑን ቢቀራ መልካም ነው።

መተሐራና አዋሽ ሰባት ኪሎ

ከአዳማ በኋላ ምድሩ ይወርዳል፤ ሙቀቱም ይጨምራል። መተሐራ ሲደርሱ በግራ ፈንታሌ ተራራ፣ በመንገዱ ዳር ደግሞ በሰቃ ሐይቅ ይታያሉ። በሰቃ ከ60 ዓመት በፊት 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የነበረ ሲሆን ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል። ጨዋማ ነው። እርሻ፣ ግጦሽና መንገድ ውጧል። ውሃው ከተማዋን እንዳያሰጥም በቦይ እየተመጠነ ወደ አዋሽ እንዲለቀቅ ተደርጓል። የመተሐራ ሰው ሸክሙን በዚህ መልኩ ሲያቃልል ጨውነቱ የሚደርሰው ከታች ላለው ነው።

ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ መሬቱ ደጋግሞ ተንቀጠቀጠ። በዚያው ዓመት የካቲት ላይ የደረሰው ከሁሉም የበረታ ነበር፤ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶናል። ቤቶች ፈረሱ፤ መሬት ተሰነጠቀ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖች ከቀያቸው ተነሱ። የዚያ ዓመት ረመዷን የገባው ሰው ገና በመጠለያ እያለ ነበር። በዚያ በኩል የሚያልፍ መንገደኛ ስለ ፍልውሃና ስለ ፏፏቴ ብቻ ጠይቆ ባይመለስ፣ ቤታቸው ስለፈረሰባቸውም ቢጠይቅ መልካም ነው።

አዋሽ ሰባት ኪሎ የባቡር ልጅ ናት። ከጂቡቲ የተነሳው የፈረንሳዮች ባቡር አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1917 ሲሆን በመንገዱ ላይ ይህችን ከተማ አበቀለ። አሮጌው የጣቢያ ቡፌ ዛሬም ይታያል። አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አርጎባው፣ አማራው፣ ሶማሌው በአንድ ገበያ ይገናኛሉ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም በአዳማና በአዋሽ በኩል ስለሚያልፍ የጉዞ ቀኑን አስቀድሞ ጠይቆ በባቡር መሄድ ይቻላል። ከከተማዋ አጠገብ ወንዙ ጥልቅ ገደል ውስጥ ገብቶ ይሄዳል። ከብሔራዊ ፓርኩ ፏፏቴ አጠገብ ቆሞ የሚያይ ሰው፣ በተለይ ክረምት ላይ፣ የውሃውን መልክ ልብ ይበል፤ የደጋ አፈር ነው የሚወርደው።

በአዋሽ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ቀኙ ወደ ድሬዳዋና ሐረር፣ ግራው ወደ አፋር ይወስዳል። ኬላ ስላለ መታወቂያ ከኪስ አይጠፋም። ወንዙን የሚከተል ሰው በግራው ይሄዳል።

በአፋር ምድር

ከአዋሽ አርባ በኋላ አሚባራ፣ መልካ ወረር፣ ገዋኔ እያለ መንገዱ ይዘልቃል። በጥጥ እርሻ የታወቀ አካባቢ ነው። የመስኖ እርሻዎቹ ሲስፋፉ አርብቶ አደሩ በበጋ ከብቱን የሚያሰማራበትን የወንዝ ዳር ግጦሽ አጥቷል፤ በተረፈው መሬት ላይ ደግሞ ፕሮሶፒስ የተባለው እሾሃማ ዛፍ ወረረበት። ከመኪና መስኮት ሲታይ አረንጓዴ ስለሆነ ልማት ይመስላል፤ አብሮን የተሳፈረ አፋር ሲያስረዳን ግን ከብት የማያልፍበት ጥሻ መሆኑን አወቅን።

ይህ መንገድ የከባድ መኪና መንገድ ነው። የአገራችን ገቢ ዕቃ አብዛኛው በዚህ ያልፋል። በሌሊት መጓዝ አይመከርም፤ ፆምና ሙቀት ያደከመው ሹፌር ከኢፍጣር በኋላ ሊያንቀላፋ ይችላል። ስለዚህ ከአዋሽ ማልዶ ተነስቶ ሎጊያ ወይም ሰመራ በቀን መግባት ይሻላል። የመንገዱን ፀጥታም ከመነሳት በፊት ከመናኸሪያ ሰዎች መጠየቅ ነው። ሚሌ ሲደርሱ በስተምዕራብ ሀዳር አለ፤ ድንቅነሽ በኅዳር 1967 ዓ.ም. የተገኘችው እዚያ ነው።

አፋሮች ዳጉ የሚሉት ባሕል አላቸው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ተቀምጠው ይጠያየቃሉ፦ ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ዝናብ ዘነበ ወይ፣ ውሃው እንዴት ነው፣ ማን ሞተ፣ ማን ወለደ። የሰማውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ ለሚቀጥለው ማድረስ ግዴታው ነው፤ ያዛባ ሰው ይነወራል። እኛ የሐዲስ ዘጋቢዎችን ሰንሰለት የተማርን ሰዎች ይህንን ስናይ እንግዳ አልሆነብንም። ለብቻው የሚጓዝ ሰው አፋር ውስጥ ብቸኛ አይሆንም፤ ዜናውን ይቀበሉታል፤ በምትኩ ጥላና ወተት ይሰጡታል።

በሎጊያና በዱብቲ ማደሪያ ቤቶች በሙቀቱ ምክንያት አልጋ ግቢ ውስጥ አውጥቶ ከቤት ውጭ መተኛት የተለመደ ነው። ዋጋውን አስቀድሞ መስማማት፣ አጎበር መኖሩን መጠየቅ፣ ለሰሑር ውሃና ተምር አጠገብ አስቀምጦ መተኛት ያስፈልጋል።

አሳይታ

አሳይታ ሰመራ ከመቆርቆሯ በፊት የአፋር ክልል መዲና ነበረች። ታሪኳ ግን ከዚያ በጣም ይርቃል። እ.ኤ.አ. በ1577 ኢማም ሙሐመድ ጋሳ መንበራቸውን ከሐረር ወደ አውሳ አዛውረዋል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ የሙዳይቶ ሱልጣኖች ሥልጣን ያዙ። ከእነሱ የመጨረሻዎቹ አንዱ ሱልጣን ዓሊሚራህ ሐንፈሬ እ.ኤ.አ. በ1944 ተሾሙ፤ በደርግ ጊዜ ተሰደዱ፤ በ1991 ተመለሱ፤ በ2011 አረፉ። የሰመራ አውሮፕላን ማረፊያ በስማቸው ይጠራል።

ይህ ሁሉ ሊሆን የቻለው በውሃው ምክንያት ነው። በዙሪያው በረሃ ሆኖ አውሳ ላይ በቆሎና ተምር የሚበቅለው አዋሽ ከደጋ ደለል ተሸክሞ ስለሚያመጣ ነው። ነገር ግን ያው ውሃ ሲቆጣ ያጠፋል። በ2012 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ አዋሽ ሞልቶ አሚባራንና አሳይታን ጨምሮ ብዙ ወረዳዎችን አጥለቀለቀ፤ ሰዉ ከነከብቱ ተፈናቀለ።

አንድ ረመዷን አሳይታ ውስጥ ከወንዙ ብዙም ሳይርቅ በተዘረጋ ምንጣፍ ላይ አፈጠርን። ተምር፣ ሳምቡሳና ወተት ቀረበ። በዕድሜ ከእኛ የሚበልጡ አንድ የአፋር አባት እንደ ልማዳቸው ዳጉ ጠየቁን። ከየት እንደመጣን ስንነግራቸው፣ “ከላይኛው ውሃ ነዋ የመጣችሁት፤ ታዲያ ውሃውን በምን ሁኔታ ትታችሁት መጣችሁ?” አሉ። ጥያቄው ለሰላምታ ያህል ነበር። መልሱ ግን ቀላል አይደለም።

የመንገደኛው ፆም

ወደ መልሱ ከመግባታችን በፊት ብዙ ጊዜ የምንጠየቀውን እንመልስ። ሸሪዓችን ለሙሳፊር፣ ማለትም ለመንገደኛ፣ ፆሙን ፈትቶ በሌላ ቀን እንዲያወጣ ፈቅዶለታል፤ ባለአራት ረከዓውን ሶላትም ወደ ሁለት ያሳጥራል። ብዙ ሊቃውንት የጉዞውን መጠን በዘመኑ ልኬት ከ80 እስከ 90 ኪሎ ሜትር መካከል አስልተውታል። ስለዚህ ከቱሉ ዲምቱ አዳማ የሚሄደው ሰው በትክክል በድንበሩ ላይ ነው፤ እንዲህ ያለው ወደ ጥንቃቄው ቢያደላ፣ ማለትም ቢፆም ይሻለዋል። አዋሽና ከዚያ በታች የሚወርደው ግን ያለ ጥርጥር መንገደኛ ነው።

ጎህ ከቀደደ በኋላ ከቤቱ የወጣ ሰው የዚያን ቀን ፆም እንዲጨርስ ብዙዎቹ ሊቃውንት ይናገራሉ። ደረሰበት ከተማ ለመሰንበት ያሰበም ፈቃዱ ያበቃል፤ በሻፊዒይ መዝሀብ ከመግቢያና ከመውጫው ቀን ሌላ አራት ቀን፣ በሐነፊ 15 ቀን ነው። ፆሙ የማያስቸግረው ቢፆም፣ በመተሐራ ፀሐይ ራሱን የሚስት ከሆነ ደግሞ ቢፈታ ይመረጣል። ፈቃድ የተሰጠው ለመጠቀም ነውና አንዱ ሌላውን አይንቀፍ።

የኢፍጣር ሰዓትም ከቦታ ቦታ ይለያያል። አሳይታ ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ ስለሆነች ፀሐይ ወደ አሥር ደቂቃ ያህል ቀድማ ትጠልቃለች፤ ጎሁም እንዲሁ ይቀድማል። በአዲስ አበባ የሰዓት ሠሌዳ ሰሑር የሚበላ ሰው እዚያ ጎህ ከቀደደ በኋላ ሊበላ ይችላል። የሚያዳምጠው የደረሰበትን ከተማ አዛን ነው።

ከላይ ያለን ሰዎች

አሁን ወደ አፋሩ አባት ጥያቄ እንመለስ። ውሃውን በምን ሁኔታ ትተነው መጣን? እውነቱን ለመናገር ከአቃቂ ድልድይ ላይ ቆሞ ለማየት አፍንጫን መያዝ ግድ ይላል። የፋብሪካ ፍሳሽ፣ የሽንት ቤት ፍሳሽ፣ የጋራዥ ዘይት፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሁሉ እዚያ ይገባል። በዚሁ ውሃ ሰላጣና ጎመን ይለማል፤ ተመልሶም ማዕዳችን ላይ ይቀርባል። በሞጆ በኩል የቆዳ ፋብሪካዎች ፍሳሽ ወደ ቆቃ ይወርዳል። በከተማችን የወንዝ ዳርቻ ልማት ተጀምሯል፤ ቃሊቲም የፍሳሽ ማጣሪያ አለ። ይህ የሚመሰገን ነው። ግን ማጣሪያው የሚያጣራው የደረሰለትን ብቻ ነው፤ ሌሊት ተደብቆ ወንዝ ውስጥ የሚደፋውን አያገኘውም።

ነብዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰዎች በሚቀዱበት ውሃ፣ በሚሄዱበት መንገድና በሚያርፉበት ጥላ መፀዳዳትን እርግማን የሚያመጣ ድርጊት አድርገው ከልክለዋል። ሦስቱም የመንገደኛ ሀብቶች ናቸው። ከአዳማ እስከ አሳይታ የተጓዘ ሰው በእነዚህ ሦስቱ ነው የኖረው፤ የሰው ውሃ ጠጥቶ፣ የሰው መንገድ ሄዶ፣ በሰው ጥላ አርፎ። እሱን በወተት የተቀበሉትን ሰዎች ከላይ ሆኖ በቆሻሻ ቢመልስላቸው ምን ዓይነት እንግዳ ነው?

ይህ የአንድ ሃይማኖት ጉዳይም አይደለም። በወንጂ የሚፆመው ክርስቲያንም፣ በገዋኔ የሚያፈጥረው ሙስሊምም ያው አንድ ውሃ ነው የሚደርሰው። በመስጂዳችን ከወጣቶቹ ጋር የተነጋገርነው ቀላል ነው። የኢፍጣር ፕላስቲክ ወደ ቦይ አይጣል። ጋራዥ ያለው ወንድማችን ያገለገለውን ዘይት በበርሜል ያጠራቅም። ሽንት ቤት የሚያስመጥጥ ሰው ቦቴው የት እንደሚደፋ ጠይቆ ይወቅ። ፍሳሹን በድብቅ የሚለቅ ድርጅት ውስጥ የሚሠራ ደግሞ ከዱንያ ደመወዝ በላይ የሚጠየቅበት ቀን እንዳለ አይርሳ።

መጓዝ የሚችል ሰው ደግሞ ቢያንስ አንዴ፣ በረመዷንም ባይሆን በበጋ፣ ይህንን ወንዝ ይከተል። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ትዕግሥትና ጨዋ አንደበት ይበቃል። ከታች ሲደርስ ዳጉ መጠየቁ አይቀርም። የዚያን ጊዜ ውሃው ደህና ነው ብሎ ሳይዋሽ የሚመልስበትን ቀን አላህ ያሳየን። ለመላው ሕዝበ ሙስሊም መልካም የረመዷን ወር፣ መንገድ ላይ ላላችሁም በሰላም ለቤታችሁ ያብቃችሁ።